ትልቅ ባትሪ ወይስ ቆጣቢ ፕሮሰሰር? ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሉ «እስከ 18 ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። «እስከ» የምትለዋን ቃል አትለፏት። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን የተለካው እናንተ በምትሠሩበት ሁኔታ አይደለም።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። የ13 ኢንቹ ማክቡክ ኤር ኤም2 ባትሪ 52.6 ዋት-ሰዓት ነው። ዋት-ሰዓት ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው፤ ዋት ደግሞ ላፕቶፑ ኃይል የሚበላበት ፍጥነት። አፕል ፊልም ሲታይበት እስከ 18 ሰዓት፣ ኢንተርኔት ሲከፈትበት እስከ 15 ሰዓት ይቆያል ይላል። 52.6ን ለ18 ስታካፍሉት 2.9 ዋት ገደማ ይመጣል። ስክሪኑን ጨምሮ መላው ላፕቶፕ የሚበላው ከ3 ዋት በታች ነው ማለት ነው። ይህ የሚሆነው የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ ብሎ፣ ከፊልሙ በቀር ሌላ ሥራ ሳይኖር ነው። ብርሃኑን ከፍ አድርጋችሁ፣ ሃያ ታብ ከፍታችሁ፣ መሃል ላይ የቪዲዮ ስብሰባ ገብታችሁ ፍጆታው 8 ዋት ቢደርስ፣ ያው ባትሪ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ይሄዳል።

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው ነው፦ የባትሪው ዋት-ሰዓት፣ ላፕቶፑ ለሚበላው ዋት ሲካፈል። ሁለቱንም ሳያዩ መግዛት በጭፍን መግዛት ነው።

መጀመሪያ ባትሪው። ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው፤ እሱን ብቻ ይዛችሁ አታወዳድሩ። አንዱ ባትሪ ላይ 5,400 ሚሊአምፔር-ሰዓት፣ 7.6 ቮልት ተጽፏል እንበል። ሌላው ላይ 4,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት፣ 11.4 ቮልት። አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉ የመጀመሪያው 41 ዋት-ሰዓት፣ ሁለተኛው 45.6 ይሆናል። ትልቅ የመሰለው አነሰ! ዋት-ሰዓቱን ጠይቁ፤ ካልነገሯችሁ ቮልቱን አይታችሁ ራሳችሁ አስሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የጌም ላፕቶፕ 90 ዋት-ሰዓት ባትሪ ይዞ ይመጣል። ቀጭኑ የቢሮ ላፕቶፕ 50 ብቻ። የትኛው ይቆያል? የጌሙ ለተራ ሥራ 20 ዋት ቢበላ 4 ሰዓት ተኩል ይሰጣችኋል። ቀጭኑ 6 ዋት ቢበላ ከ8 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ጌም ከተከፈተበትማ ባለ 90ው ብዙም ሳይቆይ ቻርጀር ይፈልጋል፤ ለብቻው ያለው ግራፊክስ ካርድ ባትሪ አይምርም። ባትሪውን እያሳደጉ መቀጠልም አይቻልም። ያለ ልዩ ፈቃድ አውሮፕላን ውስጥ ይዞ ለመግባት የተለመደው ገደብ 100 ዋት-ሰዓት ስለሆነ፣ ትልልቆቹ ላፕቶፖች እዚያው 99 አካባቢ ይቆማሉ።

ስለዚህ እኔ ከባትሪው በፊት ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የላፕቶፑን ሥራ የሚያከናውነውን ዋና ቺፕ ነው የማየው። በኢንቴል በኩል ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ብዙ ትናገራለች። በተለመዱት ትውልዶች «ዩ» ያለው መነሻ የኃይል ፍጆታው 15 ዋት፣ «ኤች» ያለው 45 ዋት ነው። ሁልጊዜ ያን ያህል ይበላል ማለት አይደለም፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ልዩነቱን ታዩታላችሁ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ጥሩ አማራጮች መጡ፦ የኳልኮም ስናፕድራጎን ኤክስ እና የኢንቴል ኮር አልትራ 200ቪ። ሁለቱም በዊንዶውስ ላይ ሙሉ የሥራ ቀን ያለ ቻርጀር መዋልን እውን ያደረጉ ናቸው። ስናፕድራጎኑ ግን ከኢንቴል የተለየ ዓይነት ቺፕ ስለሆነ፣ ከመምረጣችሁ በፊት የምትሠሩባቸው ፕሮግራሞችና የፕሪንተራችሁ ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) እንደሚሠሩለት አረጋግጡ። አንዳንድ ጌሞችም ጭራሽ አይከፈቱበትም። እዚህ ውስጥ መግባት የማይፈልግ ሰው 200ቪውን ይውሰድ።

ስክሪንም ይበላል። ብዙ ነጥቦች ያሉት ጥርት ያለው ፎርኬ ስክሪን ከተለመደው ፉል ኤችዲ የበለጠ ይጠጣል። ኦሌድ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ጥቁር ቦታ ላይ ብርሃኑን ስለሚያጠፋ ፊልም ላይ ይቆጥባል፤ ቀኑን ሙሉ ነጭ ገጽ ላይ ለሚጽፍ ሰው ግን ተራው አይፒኤስ ስክሪን ይሻላል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት አስከፍቱ። ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፦ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረው፣ እና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። የፊተኛው 57፣ የኋለኛው 34 ዋት-ሰዓት ከሆነ አርባ በመቶው ሄዷል። ማክ ላይ ደግሞ የቻርጅ ዙሩን (የባትሪው ሙሉ አቅም ስንት ጊዜ ተጠቅመውበት እንዳለቀ የሚቆጥረውን) ተመልከቱ፤ የቅርብ ጊዜዎቹ ማክቡኮች ገደብ 1,000 ዙር ነው። ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ አጣሩና ከመግዣው ላይ ይቀነስላችሁ።