የጣና ውሃ ይዛችሁ ቤተ ሙከራ ለምትፈልጉ፦ እኒህን ሰው እወቋቸው

የሥነ ምህዳር መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጥናታቸውን የሚሠሩት በአብዛኛው በጣና ሐይቅ ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በጋራ የምንጠቀምበትን ቤተ ሙከራ የሚይዙትን ቴክኒሻን በአደባባይ ማመስገን ከተመኘሁ ቆይቻለሁ። ስማቸው እንዳይነሣ ስለለመኑኝ አላነሣውም። ተማሪዎቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

በውሃ ላይ የሚሠራ ጥናት ዕቃው ብዙ ነው፤ የኦክስጅን መለኪያ፣ ፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ፣ ስፔክትሮፎቶሜትር (ውሃ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በብርሃን የሚለካ መሣሪያ)፣ ማይክሮስኮፕ፣ ስስ ሚዛን፣ ማድረቂያ ምድጃ፣ ማጣሪያ ፓምፕ፣ በረዶ ቤት። ይህን ሁሉ ለየትምህርት ክፍሉ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ መጋራት ግድ ነው። መጋራት ግን ባለቤት ይፈልጋል። ፕሮጀክት ሲያልቅ መሣሪያው ከነካርቶኑ በአንድ ሰው ቢሮ ተቆልፎበት አቧራ ሲጠጣ ያየሁበት ቦታ አለ። በሌላ ቦታ ደግሞ ያገኘው ሁሉ ሲነካካው በአንድ መንፈቀ ዓመት ከጥቅም ውጭ ሆኗል። የጋሼ ቤተ ሙከራ ከሁለቱም የዳነው በእርሳቸው ትጋት ነው።

እያንዳንዱ መሣሪያ አጠገቡ የራሱ ደብተር አለው። ማን ተጠቀመበት፣ መቼ ተስተካከለ፣ ምን እንከን ታየበት፣ ሁሉም ይጻፋል። ዕቃ ቢበላሽ አይቆጡም፤ ተበላሽቶ ሳይነገራቸው ከቀረ ግን ፊታቸው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። የፒኤች መለኪያውን ዘንግ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚተው ሰው ካዩ ራሳቸው ያነሡና ፖታሲየም ክሎራይድ በተባለ ጨው ሙሙት ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ለምን እንደሆነም ያስረዳሉ። ዘንጉ በዚያ ጥንቃቄ ረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ከሁሉ ይበልጥ የማደንቃቸው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለተማሪ ሲያስረዱ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ጨው አልባ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ ይጠግባል። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በ7.3 ገደማ ይጠግባል። ስለዚህ ሐይቁ ላይ 7 ሚሊግራም የለካ ተማሪ በባሕር ወለሉ ሰንጠረዥ ካሰላው 77 በመቶ ብሎ ይጽፋል፤ እውነቱ ግን ወደ 96 በመቶ ይጠጋል። ጤነኛ ውሃ በወረቀት ላይ ታሞ ይገኛል ማለት ነው። ጋሼ ጀልባ ከመነሣቱ በፊት ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው መለኪያውን ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር እንዲያስተካክሉ ያደርጋሉ፤ ይህን ሳያደርግ መሣሪያውን ይዞ የሚወጣ የለም።

ፎስፎረስ ላይማ ጥብቅ ናቸው። እምቦጭ የተባለው ወራሪ አረም ጣና ላይ መታየቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ከተመዘገበ ወዲህ፣ አረሙን ከሚመግቡት አንዱ የሆነውን፣ ውሃው ውስጥ ያለውን የፎስፎረስ መጠን መለካት የሚፈልግ ተማሪ በዝቷል። ሐይቁ ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ስለሆነ፣ ፎስፌት ባለበት ሳሙና የታጠበ ጠርሙስ ብቻውን ውጤቱን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱ 10 በመቶ በሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይታጠባል፣ በዲስቲልድ ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። ከናሙናዎቹ ጋርም ዲስቲልድ ውሃ ብቻ የያዘ አንድ ጠርሙስ እኩል አብሮ ይሠራል። ይህ ጠርሙስ ፎስፎረስ ካሳየ ብክለት ገብቷል ማለት ስለሆነ የዕለቱ ሥራ እንደገና ይጀመራል። ተማሪዎቹ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። ሲመረቁ ግን ፈታኙ ጥያቄ ሲያነሣ መልስ ያላቸው እነርሱ ናቸው።

በክረምት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለል ይዘው ስለሚገቡ ክሎሮፊልን (የአልጌን አረንጓዴ ቀለም) ለመለካት የሚጣራው ውሃ ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል። ብዙ ተማሪ ግማሽ ሊትር ካልሞላ ብሎ ፓምፑን ያስጨንቀዋል። ጋሼ ሲደፈን እንዲያቆምና ያለፈውን መጠን በትክክል እንዲመዘግብ ይነግሩታል፤ ሂሳቡ የሚሠራው በዚያ ነው። የፕላንክተን (በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ረቂቅ ሕያዋን) ናሙና ላይ እንዳይበላሽ የሉጎል አዮዲን ሲጨመር ደግሞ የቀጭን ሻይ መልክ ሲይዝ ይበቃል ይላሉ። ማይክሮስኮፑን አንድ ጊዜ ያሳዩና ከወንበሩ ይነሣሉ። እጅ ካልለመደ ዓይን ብቻውን አይማርም ብለው ያምናሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

አንድ ጊዜ በበዓል ዋዜማ መብራት ሲጠፋ ጋሼ ከቤታቸው ተነሥተው ሄዱ። በረዶ ቤት ውስጥ የነበሩትን ናሙና የተጣራባቸውን የተማሪዎቹን ማጣሪያዎች በሙሉ በበረዶ ሣጥን አድርገው ጄኔሬተር ወዳለበት ክፍል አዛወሩ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም የሰማሁት ከበዓሉ በኋላ ነው። ያ በረዶ ቢቀልጥ ኖሮ የአንዲት ተማሪ የክረምት ሥራ በሙሉ ይጠፋ ነበር፤ ክረምት ደግሞ ተመልሶ የሚመጣው በዓመቱ ነው።

በውሃ፣ በአፈር ወይም በዕፅዋት ላይ የምትሠሩ የማስተርስ ተማሪዎችና መምህራን፣ ይህን ቤተ ሙከራ ጠይቁ። ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ ያዙ። ስንት ናሙና እንዳላችሁና ምን ልትለኩ እንደምትፈልጉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አቅርቡ። ማጣሪያ፣ ጓንትና ኬሚካል የሚያልቅ ነገር ስለሆነ ከቻላችሁ ድርሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከሁሉም በላይ ጋሼን ናሙና ከመሰብሰባችሁ በፊት አነጋግሯቸው፤ በተሳሳተ ጠርሙስ የመጣን ናሙና ማንም ቴክኒሻን አያድነውም።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሥልጠና ዕድል ሲመጣ መምህራንን ብቻ አትላኩ። መሣሪያውን በየቀኑ የሚነኩት ቴክኒሻኖች ናቸው፤ ጥናት ሲታተምም ስማቸው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጋሼ፣ ስለ ልጆቼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የዘንድሮዎቹ በመስከረም ይመጣሉ፤ ደብዳቤያቸውን አስቀድሜ ልኬያለሁ።