ፋሚሊሰርች ለፖላንድ ስደተኛ ቤተሰብ ፍለጋ፦ ቆጠራው ጥሩ ነው፣ የድራፍት ካርዱ ግን ይበልጣል

ፍርዴን ከፊት ልናገርና ልቀጥል። ፋሚሊሰርች የሚባለው ዌብሳይት ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ከማንም አያንስም፣ ደግሞ ፍሪ ነው፣ አካውንት መክፈት እንጂ ክሬዲት ካርድ አይጠይቃችሁም። ለወታደር መዝገብም በጣም ጥሩ ነው፣ ድራፍት ካርድ የምለው ለግዳጅ ውትድርና ሲመዘገቡ የሚሞላውን ካርድ ነው። ፖላንድ ውስጥ ላለው መዝገብ ግን ብቻውን አይበቃም፣ እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

ለምን እንደገባሁበት ልንገራችሁ። ባለቤቴ የቺካጎ ልጅ ነው፣ በእናቱ በኩል ፖላንዶች ናቸው። ልጆቻችን በኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ አባቴ ናቸው ስሙን ሁሉ ጽፈው የሰጧቸው። በአባታቸው በኩል ሲጠየቁ ግን ከአማቴ አባት በላይ መሄድ አይችሉም ነበር፣ አማቴም አያታቸውን የሚያውቁት በአሜሪካ ስሙ ብቻ ነው፣ "ከፖላንድ መጣ፣ ስቶክ ያርድ (የከብት ማረጃው ሰፈር) ይሠራ ነበር፣ ወንድሙ ጦርነት ላይ ሞተ" ከዚያ በቃ። ይሄ ነገር በጣም ይቆረቁረኝ ነበር፣ የልጆቼ ግማሽ ዘር እኮ ነው!

ዌብሳይቱ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የሚባሉት፣ እኛ ሞርሞን የምንላቸው፣ ቤተክርስቲያን ንብረት ነው። ድርጅቱ የተመሠረተው በ1894 ነው (ዓመቱንም ቀኑንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ከ1938 ጀምሮ የዓለምን መዝገብ በማይክሮፊልም ሲያነሱ ኖረው 2.4 ሚሊዮን ጥቅል ፊልም አከማችተዋል፣ እሱን ሁሉ ወደ ዲጂታል ቀይረው የጨረሱት በ2021 ነው። ሃይማኖቴን ይነካብኛል ብሎ የሚሰጋ ካለ፣ እኔ ስጠቀም ማንም ስለ እምነት የጠየቀኝ የለም።

አሁን ወደ ቆጠራው። አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ትቆጥራለች፣ የሰው ስም ያለበት ወረቀት ግን 72 ዓመት ሳይሞላው አይከፈትም፣ ስለዚህ አሁን የሚታየው የመጨረሻው በ2022 የተከፈተው የ1950 ቆጠራ ነው። የ1890ን አትልፉበት፣ ዋሽንግተን ውስጥ በ1921 በተነሳ እሳት ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል። ፖላንድ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ትልቁ ነገር ምንድነው፣ ከ1795 እስከ 1918 ፖላንድ የሚባል አገር ካርታ ላይ አልነበረም፣ ሩሲያ፣ ፕሩሺያና ኦስትሪያ ተከፋፍለውት ነው የነበረው። ስለዚህ ሰውዬው አንዱ ቆጠራ ላይ ሩሲያ፣ ሌላው ላይ ፖላንድ ተብሎ ይጻፋል፣ የተቀየረው እሱ ሳይሆን ድንበሩ ነው። የኛ ሰውዬ፣ የአማቴ አያት፣ በ1910 "ሩሲያ፣ ፖሊሽ" ተብሎ ተጽፏል፣ ነጠላ፣ የአንድ የፖላንድ ባልና ሚስት ደባል። እዚያች ቤት ውስጥ ከባለቤቶቹና ከልጆቻቸው ሌላ ስድስት ወጣት ወንዶች ደባል ሆነው ይኖራሉ፣ ሁሉም ሥራቸው የስጋ ፋብሪካ፣ ሁሉም ከመጡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው። ዲሲ እንደመጣን ባንድ አፓርታማ ተደራርበን የኖርን ሰዎች ይሄን ገጽ ስናይ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። በ1920 ደግሞ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ የትውልድ አገር "ፖላንድ" ተብሎ አገኘሁት።

ስም ላይ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ቆጣሪው በጆሮው የሰማውን ነው የሚጽፈው፣ ከዚያ መቶ ዓመት ቆይቶ ሌላ ሰው ያንን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ስም ዝርዝር) ያደርጋል፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ የተጣመመ ስም ነው የምትፈልጉት። የመጠሪያ ስሙም ይለወጣል፤ ቭዋዲስዋፍ ዋልተር ይሆናል፣ ስታኒስዋፍ ስታንሊ፣ ቼስዋፍ ቼስተር፣ ቮይቸህ ደግሞ አልበርት። ኤሊስ ደሴት (ኒው ዮርክ ያለው የስደተኞች መግቢያ) ላይ ስም ቀየሩባቸው የሚባለው ወሬ ልክ አይደለም፣ እዚያ ያሉት ሠራተኞች መርከቡ ከተነሳበት ወደብ ተሞልቶ የመጣውን ዝርዝር ነበር የሚያመሳክሩት፣ ስሙን የቀየሩት ራሳቸው ሰዎቹ ናቸው፣ በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ ቀስ በቀስ። ፋሚሊሰርች ላይ የወደድኩት የአባት ስም ሳትሞሉ መፈለግ መቻላችሁ ነው፦ የሱ መጠሪያ፣ የሚስቱ መጠሪያ፣ የልደት ዓመት፣ ቺካጎ፣ በቃ። ወይም የስሙን መጀመሪያ ሦስት ፊደል ጽፋችሁ ኮከብ ምልክት ታደርጋላችሁ። ውጤቱ ሲመጣ ግን የተተየበውን ብቻ አይታችሁ እንዳታልፉ፣ ሁልጊዜ ምስሉን ክፈቱት፣ ግማሹ ወሬ ያለው እዚያ ነው፣ ጎረቤቱ ማነው፣ ደባሉ ማነው፣ የሚስት ወንድም ከሁለት ቤት በኋላ ይኖር ይሆን።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የ1900 እና የ1910 ቆጠራ እናቶችን "ስንት ወለድሽ፣ ስንቱ በሕይወት አለ" ብሎ ይጠይቅ ነበር። የሰውዬው ሚስት እናት፣ ማለትም የአማቴ አያት እናት መስመር ላይ ዘጠኝና አምስት ይላል። አራት ልጅ ቀብራለች ማለት ነው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ግን ስለነዚያ ልጆች የሰማ አንድም ሰው የለም። አማቴ ስክሪኑ ላይ አሳየኋቸውና ዝም ብለው ብዙ አዩት፣ ከዚያ "በይ ስማቸውን ፈልጊልኝ" አሉኝ። የሞት መዝገብ ላይ የሦስቱን አግኝተናል።

ወደ ወታደር መዝገብ ልምጣ፣ ለኔ የዚህ ዌብሳይት ዋናው ሀብት እሱ ነው። ብዙ ሰው "የኛ ሰው ወታደር አልነበረም" ብሎ ይተወዋል፣ ተሳስተዋል! የአንደኛው የዓለም ጦርነት ድራፍት ካርድ የዘመተ ሰው መዝገብ አይደለም፣ የተመዘገበ ሰው መዝገብ ነው፣ ዜጋ ያልሆነውም ጭምር መመዝገብ ነበረበት፣ በጠቅላላው 24 ሚሊዮን ገደማ ወንድ ተመዝግቧል። ሰኔ 5 ቀን 1917 ከ21 እስከ 30 ዓመት ያሉት፣ ሰኔ 1918 ደግሞ አዲስ 21 የሞላቸው፣ መስከረም 12 ቀን 1918 ከ18 እስከ 45 ያሉት የቀሩት። የትኛው ቀን ላይ እንደተመዘገበ ለውጥ አለው፣ ምክንያቱም የ1917ቱ ካርድ የተወለደበትን ከተማና አገር ይጠይቃል፣ የመስከረም 1918ቱ ግን ትውልድ ቦታ አይጠይቅም፣ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ ነው የሚሰጣችሁ።

የኛ ሰውዬ የ1917 ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ካርዱ ላይ የልደት ቀኑ አለ፣ ትውልድ "ዎምዣ፣ ሩሲያ" ይላል፣ የማን ተገዢ ነህ ሲባል ሩሲያ፣ ሥራ የስጋ ፋብሪካ ጉልበት ሠራተኛ፣ በሱ እጅ የሚተዳደሩ ሚስትና አንድ ልጅ። ከዚህ በፊት ወታደር ነበርክ ወይ ለሚለው፣ እግረኛ፣ ሦስት ዓመት፣ ሩሲያ። በዛር ሠራዊት ውስጥ አገልግሏል ማለት ነው፣ ይሄን ደግሞ አማቴም አያውቁም ነበር። ጀርባው ላይ ቁመት መካከለኛ፣ ዓይን ሰማያዊ፣ ጸጉር ቡናማ። ከሁሉም በላይ ፊርማው፣ በገዛ እጁ፣ የአባቱን ስም በፖላንድ አጻጻፍ ያኖረበት ትክክለኛው ሆሄ፣ ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሁሉ የተገኘው በዚያ ፊርማ ነው። ቆጠራ ላይ የምታዩት ሌላ ሰው የጻፈው ነው፣ ካርዱ ላይ ግን እሱ ራሱ አለ።

እዚያው ካርድ ግርጌ በግራ በኩል ጥጉ ላይ የታተመ ትእዛዝ አለ፣ ሰውዬው የአፍሪካ ዘር ከሆነ ይህን ጥግ ቅደድ ይላል። የሱ ካርድ ጥጉ አልተቀደደም። እንደኔ ጥቁር ልጆች የምታሳድጉ እናቶች ካርዱን ከልጆቻችሁ ጋር ስትከፍቱ ይሄን ቀድማችሁ እወቁት፣ ይጠይቋችኋል። የኔ ትልቋ ጠይቃኛለች፣ ቁጭ ብለን በደንብ አወራን።

ሁለተኛው መፈለግ ያለበት የ1942ቱ ካርድ ነው፣ አሜሪካኖቹ የሽማግሌዎች ድራፍት ይሉታል። ሚያዝያ 1942 ላይ ከ45 እስከ 64 ዓመት ያሉት ወንዶች የተመዘገቡበት ነው፣ ለ1880ዎቹና ለ1890ዎቹ ልጆች ወርቅ ማለት ነው። እሱ ላይ ሰውዬው ዎምዣ አላለም፣ መንደሩን ነው የጻፈው። የ1917ቱ አውራጃውን፣ የ1942ቱ መንደሩን ሰጠኝ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳታደርጉ ወደ ፖላንድ መዝገብ አትሂዱ፣ ተመሳሳይ ስም ያለው መንደር በየክፍለ ሀገሩ ሞልቷል።

ወንድምየው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። "አሜሪካ ጦር ውስጥ ሆኖ ፈረንሳይ ሞተ" ነበር የሚባለው፣ የአሜሪካ ወታደር መዝገብ ውስጥ ግን ጠፋ። ለካ የሃለር ጦር የሚባለው ውስጥ ነው የገባው። በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ የፖላንድ ጦር ሲቋቋም ከአሜሪካ ከ20 ሺህ በላይ ፖላንዳውያን በፈቃዳቸው ዘምተዋል፣ የተመለመሉት የአሜሪካ ድራፍት የማያስገድዳቸው ናቸው፣ የሠለጠኑት ካናዳ ውስጥ ናያግራ ኦን ዘ ሌክ በምትባል ከተማ ነው፣ በኋላ በጄኔራል ዩዜፍ ሃለር ሥር ሆኑ፣ በሰማያዊው የፈረንሳይ ዩኒፎርም ሰማያዊው ጦር ተባሉ። ይሄን በፋሚሊሰርች አልነበረም ያገኘሁት። የምልመላ ቅጾቹ እዚሁ ቺካጎ የፖላንድ ሙዚየም ኦፍ አሜሪካ ዘንድ ነው ያሉት፣ የስም ዝርዝሩን የአሜሪካ የፖላንድ ዘር ቆጠራ ማኅበር አዘጋጅቶ ኦንላይን አድርጎታል። ቅጹ ላይ አሜሪካ ያለ ዘመድ ብሎ የኛን ሰውዬ፣ ፖላንድ ያለ ዘመድ ብሎ እናታቸውን ከነመንደሯ አስመዝግቧል። የልጆቼ የምንጅላታቸው እናት ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ አትጠብቁ። የአማቴ አባት በጦሩ አገልግለዋል፣ ግን ሴንት ሉዊስ ያለው የወታደሮች ማኅደር በሐምሌ 1973 ሲቃጠል ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማኅደር ጠፍቷል፣ ከ1912 እስከ 1960 ባለው ጊዜ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰማንያ በመቶው። ቢሆንም ጥያቄ ማስገባት አይከለከልም፣ ከደመወዝ ሰነድና ከመሳሰሉት የሚጠግኑት አለ፣ የምዝገባ ዝርዝሩም ተርፎ በነፃ ይታያል።

አሁን የማልወደውን ልናገር። ፋሚሊሰርች ላይ ያለው የዘር ዛፍ አንድና የጋራ ነው፣ የሞቱ ሰዎችን ገጽ ማንም ገብቶ ማስተካከል ይችላል፣ ስለዚህ ዛፉን እንደ ማስረጃ አትውሰዱት፣ ሥሩ የተያያዘውን ሰነድ ክፈቱ፣ ሰነድ ከሌለው እለፉት። አንዳንድ ምስሎች ደግሞ ቤት ሆናችሁ አይከፈቱም፣ የቁልፍ ምልክት ይታይባቸዋል፣ የነሱ ማዕከል ወይም አብሯቸው የሚሠራ ላይብረሪ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። የምፈልገው የጋብቻ መዝገብ እንደዚያ ነበር፣ ሄጄ አየሁት፣ ሰዎቹ ትሁት ናቸው። ገንዘብ ተቀብለው "የዘር ሐረግ እንሠራለን" ለሚሉ ከመክፈላችሁ በፊት ግን አስቡበት፣ የባለቤቴ አክስት ለአንዱ ከፍለው የተሰጣቸው ከነዚሁ ክፍት ዛፎች የተገለበጠ፣ አንድም ሰነድ የሌለበት ወረቀት ነው። አንሴስትሪ የሚባለው ሌላው የዘር ፍለጋ ዌብሳይት የሚከፈልበት ቢሆንም ብዙ የሕዝብ ላይብረሪዎች ውስጥ ቁጭ ብላችሁ በነፃ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ያንኑ ምስል በሌላ ሰው የተነበበ ኢንዴክስ ማየት በጣም ይጠቅማል፣ አንዱ ላይ የጠፋ ስም ሌላው ላይ ብቅ ይላል።

መንደሩ ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ጌኔቴካ ነው። የፖላንድ ዘር ቆጠራ ማኅበር የሚያስተዳድረው ፍሪ ዌብሳይት ነው፣ በጎ ፈቃደኞች የየደብሩን የክርስትና፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ አንብበው ስሙን በፖላንድ ሆሄ አስገብተውታል፣ ፊርማው የጠቀመን እዚህ ጋ ነው። ሩሲያ በያዘችው ክፍል ከ1868 በኋላ ያለው መዝገብ በሩሲያኛ ነው የተጻፈው፣ እንዳትደነግጡ፣ አጻጻፉ ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ ስሙን ብቻ በሩሲያ ፊደል ማወቅ ይበቃል። ቀኑም ሁለት ሆኖ ይጻፋል፣ በአሮጌውና በአዲሱ አቆጣጠር፣ በዚያ ዘመን የ12 ቀን ልዩነት አለው። ሁለት የልደት ቀን ይዘን ለምንኖር ለኛ ይሄ ችግር አይደለም፣ ባለቤቴ ግን ድራፍት ካርዱ ላይ ያለው ቀን ከክርስትናው ጋር አልገጠመም ብሎ ሌላ ሰው ነው ሊል ነበር።

ለቆጠራው አምስት ከአምስት፣ ለወታደር መዝገቡም አምስት፣ ለጋራ ዛፉ ሁለት፣ ለፖላንድ መዝገብ ሦስት እሰጠዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ከ1950 ቆጠራ ይጀምር፣ በሕይወት ያለ ሽማግሌ ራሱን የሚያገኝበት እሱ ነው፣ አማቴ የአራት ዓመት ልጅ ሆነው ተጽፈዋል፤ ከዚያ በየአሥር ዓመቱ ወደ ኋላ ይሂድ፣ 1917 እና 1942 ሲደርስ ቆጠራውን አቁሞ ካርዶቹን ይክፈት።