ጎማ ወይስ ፖሊዩሬታን? በቤት ለተሠራ መኪና የብራቾ ቡሽ ምርጫ

ባሕር ዳር ግቢያችን ውስጥ ከተገጣጣሚ ክፍሎች የሠራናት መኪና የፍጥነት መቀነሻ ባለፈች ቁጥር እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ሲጥ ትል ስለ ነበር፣ ከክፍሎቹ ጋር የመጣውን የፖሊዩሬታን (ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት) ቡሽ ከጎማ ከተሠራው ጋር ማነጻጸር ግድ ሆነብን። ቡሽ ማለት የመኪናውን እግር ከአካሉ ጋር የሚያያዘው ክንድ (ብራቾ) መጋጠሚያው ላይ የሚገባ ቀለበት ነው።

ፖሊዩሬታን በቡሹ መሃል ባለው የብረት ቱቦ ላይ እየተሽከረከረ የሚሠራ በመሆኑ ያለ ቅባት አይኖርም። ጠንካራ ስለሆነ መኪናዋ ለመሪ ቶሎ ትታዘዛለች፤ ነገር ግን የሲሊኮን ግራሶው በክረምቱ ጭቃና ጎርፍ ሲታጠብ ድምፁ ይመለሳል። ፈትተን ስናየው ቱቦው ላይ ቀይ የዝገት ዱቄትና ከሐይቁ ዳር የተከተለን ደቃቅ አሸዋ ተለስኖ ነበር።

የጎማ ቡሽ ግን ከውስጥና ከውጭ ቱቦው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ አይንሸራተትም፣ ይጠመዘዛል እንጂ፤ ስለዚህም በትክክል ከታሰረ ቅባት አይፈልግም፣ ድምፅም አያሰማም። ችግሩ ብዙ ሰው ቡሎኑን የሚያጠብቀው መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ እግሮቹ ተንጠልጥለው ሳለ መሆኑ ነው፤ መኪናው መሬት ሲይዝ ቡሹ ቆሞም ተጠምዝዞ ስለሚቆይ ቶሎ ይቀደዳል (እኛም የመጀመሪያውን ጥንድ ያበላሸነው እንዲሁ ነው)። ናፍጣ መርጨትም ለጥቂት ቀን ጸጥ ቢያሰኝም ጎማውን ያሳብጠዋል።

መኪናው ከከተማው አስፋልት የማይወጣና ባለቤቱ በየጊዜው ፈትቶ ግራሶ ለመቀባት የማይሰለች ከሆነ ፖሊዩሬታኑ አያስቆጭም። የእኛዋ ግን ኮረኮንች ስለምታዘወትር ጎማውን መርጠን፣ ቡሎኖቹን በአራቱም እግሯ ቆማ ሳለ አጥብቀናል።