የወባ ምርመራ በድሬዳዋ፦ ማይክሮስኮፕ ወይስ ፈጣን ኪት?

ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን የወባን ተውሳክ በ1880 እ.ኤ.አ. በሰው ደም ውስጥ ያየው በማይክሮስኮፕ ነው፤ በ1907 ኖቤል ተሸለመ። ድሬዳዋ ላይ ዛሬም ምርጫችን ማይክሮስኮፑ ነው።

ኪቱ ፈጣን ነው፦ 5 ማይክሮሊትር ደም፣ ጥቂት ጠብታ ማሟሟሻ፣ 15 ደቂቃ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ግን ብዙዎቹ ኪቶች የሚፈልጉት ተውሳኩ የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በአፍሪካ ቀንድ ይህን የማያመርት ፋልሲፓረም (አንዱ የወባ ተውሳክ ዓይነት) ስላለ በሽተኛው እየተንቀጠቀጠ «ነጻ» ሊባል ይችላል። ከዳነም በኋላ ፕሮቲኑ ለሳምንታት ስለሚቆይ «ወባ አለ» የሚለው የኪቱ መስመር ይታያል።

ማይክሮስኮፕ የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። መስታወት ላይ ያደረቃችሁትን ወፍራም የደም ጠብታ ሜታኖል (ደሙን መስታወቱ ላይ የሚያጣብቅ አልኮል) አይንካው፤ ከነካው ቀይ ሴሎቹ አይሟሙም፣ ተውሳኩም ይሸፈናል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ሳይቀለም ከሰነበተ በራሱ እንደዚያው ይሆናል። በ10 በመቶ ጊምሳ (ተውሳኩን የሚያሳይ ቀለም) 10 ደቂቃ ያህል ቀልሙት፤ በዘይት ሌንስ 100 እይታ ሳታዩ «የለም» አትበሉ።