የእሑዱ ሞተር ወይስ የሰኞው? አራት ሞተር ሳይክሎች ጎን ለጎን

ሞተር ሳይክል ለመግዛት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው አብረውት የሚነዱ ጓደኞቹን ነው። ጓደኞቹ ግን የሚያውቁት የእሑዱን ሰው ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ዝናብ እየመታው፣ ቦርሳ አዝሎ በመኪና ሰልፍ መሀል የሚንፏቀቀውን አያዩትም። ስለዚህ ምክራቸው ሁልጊዜ ወደ ፈጣኑ ያዘነብላል። እኔም ምክሩን ሰምቼ ባለ 600 ሲሲ ስፖርት ሞተር ገዛሁ፤ ሁለት ዓመት ሥራ ተመላለስኩበት። በመጨረሻ የሸጥኩት ፍጥነቱን ጠልቼ አይደለም፤ የእጄ አንጓ አላስተኛ ስላለኝ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ሥራ ቦታችሁ 40 ደቂቃ ቢርቅ፣ በአምስት ቀን ደርሶ መልስ 400 ደቂቃ ይሆናል፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ኮርቻ ላይ ናችሁ ማለት ነው። የእሑዱ ጉዞ አራት ሰዓት ቢፈጅ እንኳ በየሳምንቱ አይኖርም። አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ሠርግ አለበት፣ ከዚያ ደግሞ ክረምቱ ይገባል። ስለዚህ የማወዳድራቸው አራት ሞተሮች ሁሉም ለጓደኛ ጉዞ የሚበቁ ናቸው፤ የሚለያዩት ሰኞ ላይ ነው።

| | ያማሃ አር6 | ያማሃ አር7 | ያማሃ ኤምቲ-07 | ካዋሳኪ ኒንጃ 400 |
|---|---|---|---|---|
| ኢንጂን | 599 ሲሲ፣ ባለ 4 ሲሊንደር | 689 ሲሲ፣ ባለ 2 | 689 ሲሲ፣ ባለ 2 | 399 ሲሲ፣ ባለ 2 |
| ከፍተኛ ቶርክ፣ ማለትም የኢንጂኑ የመጠምዘዝ ኃይል (ኒውተን ሜትር፤ ዙሩ በደቂቃ) | 61.7 በ10,500 ዙር | 67 በ6,500 ዙር | 67 በ6,500 ዙር | 38 በ8,000 ዙር |
| የኮርቻ ከፍታ | 850 ሚ.ሜ | 835 ሚ.ሜ | 805 ሚ.ሜ | 785 ሚ.ሜ |
| ክብደት፣ ነዳጅ ሞልቶ | 190 ኪሎ | 188 ኪሎ | 184 ኪሎ | 168 ኪሎ |
| የነዳጅ ታንክ | 17 ሊትር | 13 ሊትር | 14 ሊትር | 14 ሊትር |

ቁጥሮቹ እንደ ምርት ዘመኑና እንደ ገበያው በትንሹ ይለያያሉ።

አንድ ኢንጂን፣ ሁለት ልብስ

ከሠንጠረዡ መሀል ያሉትን ሁለቱን አስተውሉ። ኤምቲ-07 እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ፤ አር7 በ2021 ተከተለ። ኢንጂናቸው አንድ ነው፣ ፍሬማቸውም አንድ መሠረት አለው። አር7 ላይ የተጨመረው ሙሉ ፌሪንግ (ንፋስ የሚከላከል የፕላስቲክ ሽፋን)፣ ጠንከር ያለ የፊት አሞርዛተርና ዝቅ ብሎ ወደ ፊት የሚያጎነብስ መሪ ነው። የስፖርት አቀማመጥ ራሱን ችሎ ምን እንደሚያስከፍል ማወቅ ለሚፈልግ ገዢ ከነዚህ ሁለቱ የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስፖርት ሞተር ላይ የላይኛው ገላችሁ ወደ ፊት ያዘነብላል። በሰዓት 100 ኪ.ሜ ስትሄዱ ንፋሱ ደረታችሁን ከታች ስለሚደግፈው እጃችሁ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ አቀማመጡ ልክ ነው፣ ደስም ይላል። በሰዓት 20 ኪ.ሜ ስትንፏቀቁ ግን የሚደግፋችሁ ንፋስ የለም። ክብደቱ ሁሉ መዳፍና አንጓ ላይ ይወርዳል፤ በዚያው እጅ ደግሞ ፍሪሲዮን ትይዛላችሁ፣ ትለቃላችሁ፣ እንደገና ትይዛላችሁ። ጀርባ ላይ ላፕቶፕ ያለበት ቦርሳ ካለ ክብደቱ በዚያው መንገድ ይወርዳል።

ኤምቲ-07 ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መሪው ከፍና ሰፋ ያለ ስለሆነ ቀጥ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ፤ በሰልፍ መሀል አንገት ቀና አድርጎ ከመኪኖቹ ጣሪያ በላይ ማየት ራሱ ደኅንነት ነው። ዋጋውን የምትከፍሉት አውራ ጎዳና ላይ ነው። በ120 ንፋሱ ደረት ይገፋል፣ እጅ መሪው ላይ ይንጠለጠላል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንገት ይደክማል። የጓደኞቻችሁ ጉዞ ረጅምና ቀጥ ያለ መንገድ የሚበዛበት ከሆነ አር7 ያሸንፋል። ጠመዝማዛ መንገድ ከሆነ ግን ልዩነቱ የሚወራውን ያህል አይደለም።

አር6፦ ጉልበቱ የት ነው ያለው?

ከፈረስ ጉልበት ይልቅ ቶርኩን ተመልከቱ። አር6 ስሙ የገነነ ሞተር ነው፤ ግን ከፍተኛ ቶርኩን የሚሰጠው በደቂቃ 10,500 ዙር ላይ ሲደርስ ነው፣ እሱም ከኤምቲ-07 ያንሳል። ከተማ ውስጥ ደግሞ የምትነዱት ከ3,000 እስከ 5,000 ዙር ባለው መሀል ነው። እዚያ አካባቢ አር6 ገና አልነቃም። አንደኛ ማርሹ ረጅም ስለሆነ ብቻውን ከ100 ኪ.ሜ በሰዓት ያልፋል፤ በሰልፍ ውስጥ ግን ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዞ ማንሸራተት ግድ ይሆናል። ቬንትሌተሩ ሲነሳ ሙቀቱ ጭን ላይ ያርፋል። ትልቁ ታንክም ብዙ አያስመካ፤ አምራቹ በሰጠው ቁጥር አር6 በ100 ኪ.ሜ 6.6 ሊትር ሲፈጅ ኤምቲ-07 4.2 ይፈጃል። በ17 ሊትር 257 ኪ.ሜ፣ በ14 ሊትር 333 ኪ.ሜ ማለት ነው።

በአውሮፓ ለመንገድ መሸጡ ከ2020 በኋላ ስለቆመ፣ እዚያ የሚገኘው አር6 ያገለገለ ነው። ፒስታ (የውድድር ሜዳ) ላይ ለሚነዳ፣ ወይም ለሥራ ሌላ ተሽከርካሪ ላለው ሰው እስካሁን ድንቅ ሞተር ነው። ብቸኛ መጓጓዣ አድርጎ መግዛት ግን፣ በእኔ ፍርድ፣ ስህተት ነው።

ትንሹን አትናቁት

ኒንጃ 400 ፌሪንግ ለብሶ ስፖርት ቢመስልም መሪው ያን ያህል ዝቅ ያለ አይደለም። ከአር6 በ22 ኪሎ ይቀላል፣ ኮርቻውም በ65 ሚ.ሜ ይወርዳል። ሁለት እግር መሬት ማስረገጥ ለሚፈልግ ጀማሪ ይህ ከማንኛውም ቴክኖሎጂ በላይ ነው። ገና ሁለት ዓመት ያልነዳ ሰው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በኒንጃ የሚያፍር ከሆነ ጉድለቱ ከሞተሩ አይደለም። የሚደክመው ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ላይ፣ በተለይ ሰው ከኋላ ሲጫን ነው። በ2024 በብዙ ገበያዎች ባለ 451 ሲሲው ኒንጃ 500 ተክቶታል፤ ስለዚህ ያገለገለ 400 በደህና ዋጋ መፈለግ ያዋጣል።

ከጓደኞች ጋር ሲነዳ

ቡድን ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ኃይል ያስፈልገዋል የሚለው ወሬ የመጣው ከመጥፎ አነዳድ ነው። ፊተኛው ከኩርባ ወጥቶ ሲፈተለክ ቀጣዩ ሊደርስበት ትንሽ ይጨምራል፣ ሦስተኛው የበለጠ ይጨምራል፤ ስድስተኛው ሰው ጉዞውን ሁሉ በሩጫ ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ አር6 ቢኖራችሁም መጨረሻ ላይ ከሆናችሁ ትሳቀቃላችሁ።

መድኃኒቱ ልምድ ያነሰውን፣ ወይም ትንሿን ሞተር የያዘውን፣ ቡድኑን ከሚመራው ሰው ቀጥሎ ማድረግ ነው። ሁለት ረድፍ ሰርታችሁ በዝግዛግ ተጓዙ፤ በራሳችሁ ረድፍ ካለው ፊተኛ ቢያንስ ሁለት ሴኮንድ፣ በሰያፍ ካለው አንድ ሴኮንድ ራቁ። ጠባብ ኩርባ ሲመጣ በአንድ ረድፍ። ነዳጅ የሚቀዳውም ቶሎ በሚያልቅበት ሞተር ልክ ነው። ይህን የሚያደርግ ቡድን ካላችሁ ኒንጃውም ኤምቲውም ይበቃል። የማያደርግ ከሆነ የሚለወጠው ቡድኑ ነው።

ስኩተርስ?

የሰኞውን ጥያቄ ብቻ ብትጠይቁኝ ስኩተር አራቱንም ይረታል፦ ማርሽ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ እግር ከጭቃ የተሸፈነ፣ ሄልሜት ከኮርቻው ሥር ይገባል። ጎማው ብዙ ጊዜ 13 ወይም 14 ኢንች ስለሆነ ግን ባለ 17 ኢንቹ ሞተር ዘሎት የሚያልፈው ጉድጓድ ስኩተሩን ያናውጠዋል። ሁለት ማቆሚያና የሁለት ኢንሹራንስ አቅም ላለው ሰው፣ አነስተኛ ስኩተርና አሮጌ አር6 አንድ ላይ መያዝ ከሁሉም የሚያምር መፍትሔ ነው። ብዙዎቻችን አቅሙ የለንም።

የማይጻፍ ወጪ

የስፖርት ሞተር ለስላሳ ጎማ ለቀጥታ የከተማ መንገድ አልተሠራም፤ መሀሉ ቶሎ ያልቅና ጠፍጣፋ ይሆናል፣ እሑድ ኩርባ ላይ ስታጋድሉት ሞተሩ እንደ ወትሮው አይታዘዝም። ለሥራም ለጨዋታም የምትነዱ ከሆነ መሀሉ ጠንካራ፣ ጠርዙ ለስላሳ የሆነውን የስፖርት ቱሪንግ ጎማ አስገጥሙ። የአራቱም ካቴና እንደየመመሪያ መጽሐፉ ከ500 እስከ 1,000 ኪ.ሜ ባለው ጊዜ መቀባት አለበት፤ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ወዲያው። ከግዢው በጀት ላይ የሄልሜት፣ የጓንትና የጃኬት አስቀድማችሁ ቀንሱ፤ ሄልሜቱ ላይ ኢሲኢ 22.06 የሚባለውን የደኅንነት መመዘኛ ምልክት ፈልጉ።

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኤምቲ-07 እወስዳለሁ። ልባችሁ ፌሪንግ ካለው ካልተላቀቀ አር7ን አስነስታችሁ ሃያ ደቂቃ በተጨናነቀ መንገድ ንዱት፤ ባዶ መንገድ ላይ የሚደረግ ሙከራ ያታልላል። ለጀማሪ ኒንጃ።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ የመሪውን ጫፍና የፍሬን እጀታውን ጭረት እዩ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ከሆነ ጎማው የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ምርት ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አርጅቷል። በመጨረሻ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጥግ አዙራችሁ ፍሬሙ ላይ የሚያርፍበትን ማቆሚያ በባትሪ ተመልከቱ። ተጨፍልቆ ወይም ተሰብሮ ካገኛችሁት ሞተሩ ክፉ አወዳደቅ ወድቋል ማለት ሊሆን ይችላልና፣ ዋጋ ሳትከራከሩ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።