ስምንት ወር ከሪሲቨሬ ጋር፦ ጥፋቱ ጣሪያ ላይ አልነበረም

ሪሲቨሩን የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት፣ ደሴ ፒያሳ ነው። ሻጩ ካርቶኑን ፊቴ አስቀምጦ «ኦሪጅናል ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ» አለኝ። ጨፍኜ ወሰድኩ። ይሄን የምጽፈው ከገለጥኩ በኋላ ነው።

ስለ ምስሉ ብዙ አልልም፣ ጥሩ ነው። ሪሞቱም እስካሁን ይሠራል። ስድስት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ መኖሩንም ረስቼው ነበር።

ሚያዝያ ላይ አንድ ማታ፣ እናቴ ድራማዋን ልታይ ቁጭ እንዳለች፣ የአማርኛ ቻናሎቹ በሙሉ ድርግም አሉ። ሲግናል የለም። የሚገርመው የዓረብኛዎቹ ነገር ነው፤ ገሚሶቹ ጠፍተዋል፣ ገሚሶቹ ግን ጥርት ብለው ይታያሉ። እናቴ ያን ሳምንት በማታውቀው ቋንቋ የምግብ ዝግጅት ስታይ ከረመች። «ሽንኩርቱን አበዙት» ትላለች በመሃል።

እኛ ጣሪያ ላይ ሁለት ዲሽ አለ። አንዱ ወደ ምዕራብ የዞረው የናይልሳት ነው፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ። ሌላውን የጨመርነው በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ቻናሎች ወደ ኢትዮሳት ሲሄዱ ነው፤ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ሁለቱ በአንዲት ትንሽ ስዊች ተገናኝተው በአንድ ገመድ ወደ ቤት ይወርዳሉ። በልጉም እየዘነበ ስለነበር የምሥራቁን ዲሽ ነፋስ ነቅንቆት ይሆናል አልኩ። ዲሽ ሠሪ ጠራሁ።

ልጁ ወጣ፣ ነካካ፣ ወረደ። «ጦሳ ጋርዶት ነው» አለኝ። ወንድሜ፣ ጦሳ ያለው እኮ በከተማው ምዕራብ ነው! እኔ የምፈልገው ሳተላይት በምሥራቅ በኩል ነው፣ ያውም ከእኛ ሲታይ ወደ አናት የተጠጋ። ተራራው ሌሊት ተነሥቶ ካልተሻገረ በቀር በምን ሒሳብ ይጋርደዋል? ይሄን ስለው ሐሳቡን ቀየረና «እንግዲያው ኤልኤንቢው ሞቷል» አለ፤ ዲሹ ፊት ላይ ቆሞ ሲግናሉን የሚቀበለውን ማለቱ ነው። ኤልኤንቢ ገዛሁ። አልመጣም። ስዊቹን ቀየርን። አልመጣም። «አዳፕተሩስ?» አልኩት። ቴስተሩን አውጥቶ ጫፉን ነካ፤ 12 አለ። «ይኸው 12 ቮልት! አዳፕተርህ ጤነኛ ነው።»

አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጥቶ፣ «አብሽሩ እማማ፣ ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ሄደ። ያቺ ነገ እስካሁን አልመጣችም።

ነገሩን የፈታው የእህቴ ልጅ ነው። ባጃጅ ነጂ ነው፣ ስለ ዲሽ የሚያውቀው ነገር የለም። ታሪኩን ሰምቶ ሳቀና «አጎቴ፣ ይሄ የደከመ ባትሪ ጠባይ ነው» አለኝ። «ቆሞ ስትለካው 12 ይልሃል። ሞተር ላስነሳ ስትል እጥፍ ይላል።»

ወጣ ብሎ የባጃጁን ባትሪ ፈትቶ መጣ። የአዳፕተሩ ጀርባ ላይ ክብ ነገር የተሳለባት ምልክት አለች፤ መሃሉ ፖዘቲቭ፣ ዙሪያው ኔጌቲቭ መሆኑን ታሳያለች። እሷን ሁለት ጊዜ አይቶ፣ ከአሮጌ አዳፕተር በቆረጠው ገመድ ባትሪውን ከሪሲቨሩ ጋር አገናኘ። (እንዳትሞክሩት አልልም፣ ግን ፖዘቲቩን ከኔጌቲቭ ያምታታ ሰው ሪሲቨሩን ይሰናበት።) ሳጥኑ ተነሣ። የአማርኛ ቻናሎቹ አንድ ሳይቀሩ ተመለሱ። እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ሠርግ መስሎት ብቅ አለ።

ቆይቼ ሳጣራ ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሲቨሩ ቻናሎቹን በሚያወርደው በዚያው ገመድ ሽቅብ ደግሞ ለኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ ይልካል። 13 ቮልት ሲልክለት ቬርቲካል የሚባሉት ቻናሎች ይመጣሉ፣ 18 ሲልክለት ሆሪዞንታሎቹ። እኛ የምናየው የኢትዮሳት ፍሪኩዌንሲ 11105 ነው፣ ሆሪዞንታል። ስለዚህ 18 ይፈልጋል። ሪሲቨሩ ከአዳፕተሩ የሚያገኘው ግን 12 ነው፤ ወደ 18 ለማድረስ አዳፕተሩን የበለጠ ይስበዋል። የደከመ አዳፕተር እዚያ ላይ ይወድቃል። 13ቱን ግን እንደምንም ይችለዋል። የሽንኩርቷ ሴትዮ ሳትጠፋ የከረመችው ቬርቲካል ላይ ስለሆነች ነው።

አዳፕተሩን በቢላ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ውስጡ የሌባ ጣቴን ጫፍ የምታህል ካፓሲተር (ኤሌክትሪኩን አጠራቅማ የምታረጋጋ ዕቃ) አለች፤ አናቷ ልሙጥ መሆን ሲገባው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። በሥሯ ቡናማ ነገር አንጠባጥባለች። አዳፕተሩ ላዩ ላይ 1.5 አምፔር ይላል። ክብደቱ ግን የባዶ ክብሪት ነው። የድሮው ሪሲቨሬ እኮ አዳፕተር የሚባል አያውቅም ነበር፤ ኃይሉ ሆዱ ውስጥ ነበር፣ ገመዱን ግድግዳ ላይ መሰካት ነው።

አሁን ሻጩ አጠገቤ ቢሆን የሚለውን አውቀዋለሁ። «ጋራንቲው ለዋናው ዕቃ ነው፣ ለአዳፕተር የለውም።» አዳፕተሩ ታዲያ የማን ነው? የጎረቤት? ባጃጅ ሸጠህልኝ «ጎማው አይመለከተኝም» እንደማለት እኮ ነው። ካርቶኑ ላይ «ፎር ኬ» ብለህ በትልቁ ለጥፈሃል። የሁለት መቶ ብር ካፓሲተር እንኳን አይደለም የቆጠባችሁት፣ የሳንቲም ነው! በእሷ ምክንያት እኔ ኤልኤንቢ፣ ስዊችና የሠሪ ጨምሬ የሪሲቨሩን ግማሽ ዋጋ ከፍያለሁ። ይሄን ያህል የተናደድኩት ደግሞ ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። እናቴ ለሳምንት «የገዛኸው ዕቃ ነው» ስትለኝ ከርማለች።

እውነቱን ለመናገር እኛም ንጹሕ አይደለንም። እናቴ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል አለ። ሪሲቨሩንም አዳፕተሩንም አንድ ላይ ይሸፍናቸዋል። ሙቀት ደግሞ ካፓሲተር ያደርቃል። ሌሊትም ቢሆን ከማከፋፈያው ነቅለነው አናውቅም። መብራቱም ሄዶ ሲመጣ እንዴት ብሎ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

አዲሱን አዳፕተር ስገዛ ሻጩን ምንም አልጠየቅኩትም። ራሴ አነበብኩ። ቮልቱ ያው 12፣ አምፔሩ 2። አምፔሩ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ሪሲቨሩ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚወስደው፤ ቮልቱ ግን እኩል መሆን አለበት። በእጄ መዘንኩት፣ ከበድ ይላል። ሁለት ወር ሊሆነው ነው፣ አንድ ቀን አልጠፋም።

ግዛ ትለኛለህ ወይ ለምትሉኝ፣ ሚያዝያ ላይ ብትጠይቁኝ ጣሉት እል ነበር። ዛሬ ድራማው እየታየ ስለሆነ ግዙት እላለሁ፤ ግን አዳፕተሩን እዚያው ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ሌላ ይዛችሁ ውጡ።

ዳንቴሉን አንስቼ ፍሪጁ ላይ አድርጌው ነበር። ትናንት ከሥራ ስገባ ተመልሶ ሪሲቨሩ ላይ ነው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ።