አርቲኤክስ 3060 ከ14 ወር በኋላ፦ የኔ ባለ ሁለት ፋን እና የአክስቴ ልጅ ባለ ሶስት ፋን

ካርዱን የገዛሁት ሰኔ 2016 ላይ ነው፣ ብሩ በገበያ ዋጋ ይሁን ከመባሉ አንድ ወር ቀደም ብሎ (ዕድል በሉት)፣ ከዱባይ በሰው ሻንጣ በካልሲ ተጠቅልሎ መጣልኝ፣ አርቲኤክስ 3060 የሚባለው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (ጌምና ቪዲዮ የሚያስኬደው)፣ ሜሞሪው 12 ጊጋ፣ አጭሩ ባለ ሁለት ፋን። የአክስቴ ልጅ ከአምስት ወር በኋላ እዚሁ አዲስ አበባ ያንኑ ቺፕ ገዛ፣ ግን የሱ ባለ ሶስት ፋን፣ ቀለም በቀለም የሚበራ፣ ርዝመቱ ክንድ የሚያክል፣ እና ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ በላይ ስለሄደ የከፈለው የኔን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከዛ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የማን ይሻላል ክርክር ነው። በቃ ሁለቱንም በኔ ኮምፒውተር ላይ እያፈራረቅኩ ለካሁት።

ሰው ሁሌ የሚምታታበት አንድ ነገር አለ። ኤንቪዲያ 3060ን በራሱ ስም ካርድ አድርጎ አላወጣውም፣ ቺፑን ለነአሱስ፣ ኤምኤስአይ፣ ጊጋባይት፣ ዞታክ ይሰጣል፣ እነሱ ቦርዱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ፋኑን የየራሳቸውን ይገጥሙበታል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ኦሲ (ፍጥነቱ ከፍ የተደረገ) ቢል ጌሚንግ ቢል ውስጡ ያው 3584 ኮር (ስሌቱን የሚሰሩ ትንንሽ ክፍሎች) ነው። ከፍ የሚያደርጉት ፍጥነቱን ትንሽ ነው፣ የኤንቪዲያ ቡስት (ጌም ላይ የሚደርስበት ፍጥነት) 1777 ሜጋኸርዝ ነው፣ የአክስቴ ልጅ 1850 ገደማ ተጽፎበታል። ጌም ላይ ምን አመጣ? ሳይበርፐንክ 2077፣ 1080፣ ሃይ ሴቲንግ፣ የኔ በሰከንድ 64 ፍሬም (ምስል) የሱ 66። ለዚህች ሁለት ፍሬም ነው እንግዲህ የስድስት ወር ቅዳሜ የተቃጠለው።

ሙቀቱና ድምጹ ላይ ግን ልጁ እውነት አለው። የኔ ከገዛሁት ቀን ጀምሮ 73 ዲግሪ ላይ ነበር የሚሰራው፣ ፋኑ ወደ 2000 ዙር እየጮኸ፣ ሌሊት ስጫወት እማዬ ከጓዳ «ያ ነገር ሊነሳ ነው እንዴ» ትለኝ ነበር። የሱ 62 ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዩቲዩብ ላይ ግን የኔው ካርድ 68 ነበር የሚያሳየው፣ ተጭበርበርኩ ብዬ ስበሳጭ ቆይቼ በኋላ ነው የገባኝ፣ እኛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ አየሩ ከባህር ዳርቻ ከተማ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፣ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ሙቀት የሚወስድለት አየር ያነሰ ነው። የማታው ብርድ ባያግዘን ኖሮ ከዚህም ይብስ ነበር። ስለዚህ የውጭ ሰው የለካውን ሙቀት እንዳለ አትውሰዱ።

መፍትሄው ነጻ ነው። አፍተርበርነር (ካርዱን ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ የቮልቴጅና የፍጥነቱን ከርቭ ከፍቼ 1800 ሜጋኸርዝን 850 ሚሊቮልት ላይ አሰርኩት፣ ካርዱ ከሚበላው 170 ዋት ወደ 130 ወረደ፣ ሙቀቱ 64፣ ፋኑ 1500። ፍሬሙ? አንድ ቀነሰ፣ አንዳንዴ እሱም አይቀንስም። ሁለት ፋን ባለው ካርድ ባለ ሶስት ፋኑን ደረስኩበት ማለት ነው፣ ይሄን ያየ ጊዜ የአክስቴ ልጅ ፊት... ይቅር። ቺፕ ሁሉ እኩል አይወጣም፣ የናንተ 850 ላይ ጌሙን እየዘጋ ካስቸገረ 875 አድርጉት።

የሱን ካርድ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም ግን ትልቅ ካርድ ጣጣው ብዙ ነው። መጀመሪያ ኬዙ ውስጥ አልገባም ብሎ የሃርድ ዲስክ ማስቀመጫውን ፈታን። ከዛ ከክብደቱ ብዛት ወደ ታች መዝመም ጀመረ፣ ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ከስሩ የቡና ስኒ ደፍቶ ደገፈው፣ አክስቴ ከረከቦቱ አንድ ስኒ ጎደለ እያለች ሰራተኛዋን ስትጠይቅ ከረመች። ዋናው ችግር ግን ፓወር ሳፕላዩ ነበር። የሱ ካርድ 8 ፒን ሲደመር 6 ፒን ነው የሚፈልገው፣ ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣው ርካሽ ፓወር ሳፕላይ ደግሞ አንድ ገመድ ብቻ ነው ያለው፣ ሌላኛውን በአዳፕተር ከሃርድ ዲስክ ገመድ ቀጠለው፣ እና ጌሙ ሲከብድ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይነሳል። ድራይቨር ቀየረ፣ ዊንዶውስ ጫነ፣ ካርዱን ልመልስ ብሎ ከሻጩ ጋር ተጣላ፣ የኔን 550 ዋት ብሮንዝ አምጥተን ስንገጥምለት ጸጥ አለ። ለሶስተኛው ፋን የከፈለው ጭማሪ ጥሩ ፓወር ሳፕላይ ይገዛለት ነበር፣ ስታቢላይዘርም ይተርፈው ነበር፣ በተለይ እንደኛ ሰፈር መብራቱ ሄዶ ሲመጣ አምፖሉ ቦግ የሚል ከሆነ።

የኔ ጥፋት ደግሞ ይምጣ። ፊት ለፊታችን መንገድ ተቆፍሮ ለወራት አቧራ ስንበላ ስለነበር ካርዱን በገዛሁ በስምንተኛው ወር ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ጎሚስታ ቤት ሄድኩ፣ ልጁ በኮምፕረሰር ነፋልኝ፣ ፋኑ እንደ ሄሊኮፕተር ሲሽከረከር ደስ ብሎኝ ነበር የማየው። በሳምንቱ አንደኛው ፋን ኪርርር ማለት ጀመረ። ለካ ስትነፉ ፋኑን በጣት መያዝ ያስፈልጋል፣ ከልኩ በላይ ሲሽከረከር መቀመጫው ይበላል፣ ኮምፕረሰሩ ውስጥም ውሃ ይጠራቀማል። ዋስትና የለኝ፣ በሰው እጅ የመጣ እቃ ነው። ስቲከሩን ልጬ አንድ ጠብታ የሲንጀር ዘይት ጨመርኩበት፣ ሁለት ወር ዝም አለ፣ እንደገና ጀመረ፣ በመጨረሻ ከቻይና ጥንድ ፋን አስመጥቼ ቀየርኩት። እግረ መንገዴን ቺፑና ማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን ፔስትም አደስኩ፣ 3 ዲግሪ ወረደልኝ። አሁን የቀለም ብሩሽ ነው የምጠቀመው፣ በወር አንዴ።

ለምን 3060 ላላችሁኝ፣ ከሱ በፊት ያገለገለ አርኤክስ 580 ነበረኝ። በፈረንጆቹ 2022 መስከረም ላይ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መቆፈር (ማይኒንግ) ሲያበቃ እዛ ላይ የከረሙ ካርዶች ገበያውን ሞልተውት ነበር፣ እኔም አዲስ ነው ተብዬ ገዛሁ፣ ጂፒዩ ዚ (የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም) ስከፍት ሼደሩ (የኮሮቹ ቁጥር) 2048 ይላል፣ ዋናው 580 ግን 2304 ነው፣ ማለትም የ570 ቺፕ በ580 ስም። ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ማየት ያኔ ተማርኩ። 3060ም ራሱ እንዲህ አይነት መንትያ አለው፣ በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ላይ የወጣው ባለ 8 ጊጋው፣ ሜሞሪው የሚያልፍበት መንገድ ከ192 ቢት ወደ 128 ጠቧል፣ ስሙ ግን ያው 3060 ነው። ሻጩ 12ም 8ም አንድ ነው ካላችሁ ጥላችሁ ውጡ።

12 ጊጋው ለኔ ጌም ላይ ብዙም አይደለም፣ የኳሱ ጌም ኤፍሲና ካውንተር ስትራይክ ግማሹንም አይነኩትም። ቅዳሜና እሁድ የሰርግ ቪዲዮ ስለምሰራ ነው የሚጠቅመኝ፣ ባለ ፎርኬ ፋይል ዳቪንቺ ላይ ከለር ስሰራ 580ው ሜሞሪ አልቋል እያለ ይቆም ነበር፣ ይሄኛው እስካሁን አንድ ቀን አላለኝም። የአክስቴ ልጅ የሚጫወተው ኤፍሲ ብቻ ነው። ስኒውንም አልመለሰም።